ምዕራፍ አምስት፦ ኮምጣጣ ያልኩት ቡና

በአስተርጓሚነት ሥራዬ ካፈርኩባቸው ቀናት አንዱ ሚዛን ተፈሪ ላይ የገጠመኝ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ከውጭ የመጣ አንድ ቡና ገዢ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ስኒዎች በማንኪያ እየጨለፈ ይቀምሳል፤ ፉት ሲል የአሳሳቡ ድምፅ በር ላይ ለቆመ ሰው ይሰማል። ከጠረጴዛው ማዶ ናሙናውን ያመጡት አርሶ አደሮች ተቀምጠው ፊቱን ያያሉ። ሰውየው አራተኛውን ስኒ ደጋግሞ ቀመሰና ፊቱ በራ። «ብራይት አሲዲቲ» አለ፤ ስለ ሎሚም አንድ ነገር ጨመረ። እኔም ሳላመነታ «ኮምጣጣ ነው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

የናሙናው ባለቤት ከሸኮ በኩል የመጡ አባት ነበሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ የእኔ ቡና አልኮመጠጠም» አሉኝ። «እሸቱን ቀዩን ብቻ መርጬ ነው የለቀምኩት፤ አንድም ሌሊት ተከምሮ አላደረም። ኮምጣጣ ካለ የሌላ ሰው ቡና ነው የቀመሰው።»

«አባባ፣ እያመሰገነዎት እኮ ነው።»

«በኮምጣጣ ነው የሚያመሰግነው?»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። በኋላ ላይ እንዳየሁት በዚያ ቀን ትልቁን ነጥብ ያገኘው ያው አራተኛው ስኒ ነው።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ለ«አሲዲቲ»ም ለ«ሳወር»ም የሚሰጣችሁ ትርጉም ያው መኮምጠጥ ነው። ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። አሲዲቲ የበሰለ ፍሬ ውስጥ ካሉት አሲዶች የሚመጣ ሕይወት ነው፤ ብርቱካንን ከስኳር ውሃ የሚለየው ነገር ማለት ነው። እሱ የሌለበት ቡና ለጥ ያለ፣ የደከመ ይሆናል። ሳወር ደግሞ ጥፋት ነው፦ እሸቱ ተከምሮ አድሮ ሲቦካ፣ ወይም ሳይበስል ተለቅሞ ሲቀላቀል የሚመጣ። በአገራችን የቡና ጥራት ምርመራ ከ100 ነጥብ 60ው ለስኒው ጣዕም የሚሰጥ ነው፤ አሲዲቲም እዚያ ውስጥ የራሱ ዓምድ አለው። ሳወር የሚመዘገበው በጉድለት በኩል ነው። እኔ እንግዲህ ምስጋናውን ወስጄ ጉድለት ዓምድ ውስጥ ጻፍኩት። አባትየውም የተቆጡት በቋንቋ ስላልገባቸው ሳይሆን በደንብ ስለገባቸው ነው፤ «ተከምሮ አላደረም» ያሉት ለዚህ ነበር። ኮምጣጣ ቡና ከምን እንደሚመጣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ምን ማለት ነበረብኝ? ብዙ አሰብኩበት። «ቁልጭ ያለ» ልል እችል ነበር፤ «ምላስ የሚያነቃ» ማለትም ያስኬዳል። በኋላ ግን የራሳችን ቀማሾች እርስ በርስ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል ባደርግ «አሲዲቲው ጥሩ ነው፣ ቦዲው ትንሽ ቀለለኝ» ነው የሚሉት። ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። በባዕድ ቃል የሚናደድ ሰው ይናደድ እንጂ እኔ ትክክል ናቸው እላለሁ። ለሁለት ነገር አንድ ቃል ብቻ ካለህ ሁለተኛውን ከጎረቤት ትበደራለህ።

እንግሊዞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቋንቋቸው ሁለት ጓዳ አለው። አንዱ የጥንቱ የገበሬው ጓዳ ነው፤ ሳወር፣ ዋይልድ፣ ስሜል የመሳሰሉት አጫጭር ቃላት የሚወጡት ከዚያ ነው። ሌላው ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ከላቲን እየተሞላ የመጣው ነው፤ አሲድ፣ ፎረስት፣ ፍሬግራንስ፣ ናቹራል ከዚህኛው ናቸው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ቃል አንድ ነገር ይዘው ሲገናኙ አንዱ መንገድ መልቀቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የገበሬው ቃል ወደ ዝቅታው ይገፋል፤ የመጽሐፉ ቃል ማዕረግ ይዞ ይቀመጣል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም፤ አማርኛና ግዕዝ ያደረጉት ነው። ሽታና መዓዛን ተመልከቱ። መዓዛ ከግዕዝ ክብሩን ይዞ መጣ፤ ሽታ ቤት ቀረ። «ይሸታል» ሲባል መልካም ነገር የሚጠብቅ የለም። እንግሊዛዊውም «ኢት ስሜልስ» ካለ አፍንጫውን ይዞ ነው።

ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ መዓዛ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። የተፈጨው ቡና ውሃ ሳይነካው የሚሰጠው ፍሬግራንስ ነው። ትኩስ ውሃ ፈስሶበት 4 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቀማሹ ከላይ የረጋውን ሽፋን በማንኪያ ጀርባ ሰብሮ አፍንጫውን ሲያስጠጋ የሚያገኘው አሮማ ነው። ከሙያው ውጭ ይህን ድንበር የሚጠብቅ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አላየሁም። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ቡናው ተቆልቶ ገና እየጨሰ ምጣዱን ይዛ በእንግዶቹ ፊት ለምታዞረው እናት ቅጹ ላይ ምንም ቦታ የለም። ሦስተኛ መዓዛ አለ፤ ዓምድ ግን አልተሠራለትም።

ሁለተኛው ጣጣ የመጣው በማግስቱ ነው። ገበሬዎቹ በጆንያው ላይ የሚለጠፍ መለያ ወረቀት እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ፤ በአማርኛ «የጫካ ቡና» ብለው ሰጡኝ። እኔ «ዋይልድ ኮፊ» አልኩት። ገዢው ወረቀቱን አየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «የሚንከባከበው ሰው አለ ወይስ የለም?» ጥያቄውን ይዤ ወደ ሸኮው አባት ሄድኩ።

«አባባ፣ ቡናውን ማን ተከለው?»

«ማን ይተክለዋል? እግዜር ነዋ! ወፍ ይበትነዋል፣ ጦጣ ይበትነዋል፣ ከሥር ይበቅላል።»

«እንግዲያው የዱር ነው ማለት ነው።»

«የምን ዱር አመጣህ ደግሞ? አባቴ ሲመነጥረው የኖረ፣ እኔም በየዓመቱ የምመነጥረው ነው። ባለቤት ያለው ነገር ዱር ይባላል?»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መዝገበ ቃላት አላነበብኩም። አማርኛ ደን፣ ጫካና ዱር አለው። ደን ዛፉን ያያል፤ የመሥሪያ ቤት ቃልም ሆኗል፣ ይጠበቃል፣ ይለማል። ጫካ ጥቅጥቁን ያያል። ዱር ግን የሚያየው ሰው አለመኖሩን ነው፤ «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ከሕግና ከመንደር ወጥቷል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ፎረስት ቡናው የት እንዳለ ይነግርሃል። ዋይልድ ማን እንዳልነካው ይነግርሃል። ስለዚህ ፎረስት ሆኖ ዋይልድ ያልሆነ ቡና ሞልቷል፤ ከሚዛን እስከ ጤፒ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የሚሄደው ብዙው እንደዚያ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው «ዋይልድ» የሚለው ቃል ምን እንደሚሰርዝ ይገባዋል። ከለቀማ በፊት ቁጥቋጦው በገጀራ ይመነጠራል። ጥላው ከበዛ አንዳንድ ዛፍ ይቀነሳል፤ ሁሉንም አይደለም፣ ቡና ያለ ጥላ እንደማይሆንለት ያውቃሉ። ችግኝ በአንድ ቦታ ተጨናንቆ ከበቀለ ተነቅሎ ወደ ሳሳው ቦታ ይዛወራል። በሸካና በአካባቢው ደግሞ ኮቦ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ይህኛው የደን ክፍል የእነ እገሌ ቤተሰብ መሆኑ ይታወቃል፣ ቀፎ የሚሰቅሉት፣ ቡናና ኮረሪማ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ከውጭ ለሚያየው ግን ያው ጫካ ነው። እዚህ ላይ «ኦነርሺፕ» ብዬ ብተረጉምም ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ቤተሰቡ ያለው ይዞታ ነው። ለዚያ እንግሊዝኛው «ቴኑር» የሚል ሌላ ቃል አለው። ባለቤትነትና ይዞታን እኛም እንለያለን፤ በንግግር ግን ሁሉም ባለቤት ነው፣ ሸኮው አባትም ያሉት «ባለቤት ያለው» ነው።

ሙያተኞቹ ነገሩን በአራት ከፍለውታል፦ ፎረስት፣ ሰሚ ፎረስት፣ ጋርደን፣ ፕላንቴሽን። በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ከአገሪቱ ምርት 10 በመቶ የጫካ፣ 35 በመቶ ከፊል ጫካ፣ 50 በመቶ የጓሮ፣ 5 በመቶ የእርሻ ልማት ነው የሚል ነው። በበቃና ጤፒ ላይ ያሉት ሰፋፊ የቡና ልማቶች የመጨረሻው ዓይነት ናቸው። እዚህ ላይ «ሰሚ» የሚለው ቅጥያ ያሳስታል፤ ደኑ ግማሽ ነው ማለት አይደለም፣ ከላይ ዛፉ ሳስቶ ከሥር ቁጥቋጦው የጸዳ ነው ማለት ነው። የሸኮው አባት ቡና በዚህ አመዳደብ ሰሚ ፎረስት ይሆናል። መለያው ላይም በመጨረሻ እሱ ተጻፈ። ገዢው ትንሽ ቅር አለው፤ «ዋይልድ» አውሮፓ ውስጥ ዋጋ አለው፣ ጀርመን ውስጥ የካፋን ቡና በዚህ ስም የሚሸጡ አሉ።

ዋይልድ ቦታውን የሚያገኘው ሳይንቲስቶቹ ጋ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ላይ የታወቁትን 124 የቡና ዝርያዎች መርምሮ 60 በመቶው «ትሬትንድ» ናቸው አለ። የዱር አረቢካ ደግሞ ከነዚህ መካከል «ኢንዴንጀርድ» በሚለው ተመደበ። ሁለቱንም ወደ አማርኛ ስንመልስ «አደጋ ላይ ያለ» እንላለን፤ ነገር ግን ትሬትንድ ጃንጥላው ነው፣ ሦስት ደረጃዎችን ያቅፋል፣ ኢንዴንጀርድ ከሦስቱ መካከለኛው ነው። ያ ውሳኔ የሚናገረው ጓሮ ውስጥ ስላለው ቡና አይደለም፤ በካፋ፣ በሸካና በቤንች ደኖች ማንም ሳይተክለው ስለሚበቅለው አረቢካ ነው። የጓሮው ቡና በብዛት አለ፤ የዱሩ የሚኖረው ደኑ እስካለ ነው። አንዱን ቃል በሌላው ቦታ የተካ ጋዜጠኛ «ቡና ሊጠፋ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ተጽፎም አንብቤአለሁ።

ስለ ደረቅ ቡና አጭር ነገር ልበል። እሸቱ ሳይፈለፈል አልጋ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ የደረቀው፣ እኛ ጀንፈል የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሦስት ስም አለው፦ አንዎሽድ፣ ሰንድራይድ፣ ናቹራል። ሥራው አንድ፣ ስሙ ሦስት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ቡና ማገበያየት ሲጀምር ዎሽድና አንዎሽድ ብሎ ነው የለየው። ችግሩ «አንዎሽድ» በእንግሊዝኛ ያልታጠበ ሰው፣ ተራ ሕዝብ ተብሎ ለስድብም ይውላል፤ ማሸጊያው ላይ የሚጽፈው ቆዪ ታዲያ «ናቹራል» ይለዋል። ያው ቡና ነው።

ናቹራል ደግሞ በበኩሉ ወጥመድ ነው። ገበሬው «የእኔ ቡና ናቹራል ነው» ሲል ማዳበሪያ አልነካውም ማለቱ ነው። ገዢው የሚሰማው «እሸቱ ከነሽፋኑ ደርቋል» የሚል ነው። ቡናው ታጥቦ የመጣ ከሆነ ገዢው የተዋሸ ይመስለዋል። ገበሬው ሊል የፈለገው ወደ ኦርጋኒክ ይጠጋል፤ ኦርጋኒክ ግን ወረቀት ይፈልጋል፣ መርማሪ መጥቶ አይቶ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት። በደቡብ ምዕራብ ኬሚካል የማይነካው ቡና ብዙ ነው፤ ወረቀት ያለው ግን ጥቂት ነው። «ያልታጠበ» የሚለው አማርኛም ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ነውና ብንተወው ደስ ይለኛል። ጀንፈል እያለን!

በአንድ ፊደል የተጣመመ ስም ደግሞ እዚሁ ደጃችን አለ። ጌሻ የቦታ ስም ነው፤ ካፋ ውስጥ ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ፣ ጎሪ ጌሻ የሚባለው ደን ደግሞ በቤንች በኩል ነው። በ1930ዎቹ ከዚህ ከደቡብ ምዕራብ ደን የቡና ዘር ተሰብስቦ ወደ ኬንያ ሄደ፤ ከዚያ ታንጋኒካ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ፣ በ1960ዎቹ ፓናማ ደረሰ። ስሙን በእንግሊዝኛ መዝገብ ያሰፈረው ሰው አንድ ፊደል ጨምሮ «ጌይሻ» አደረገው፤ አጻጻፉም ከጃፓኗ የሙዚቃና የጭፈራ ባለሙያ መጠሪያ ጋር አንድ ሆነ። ለ40 ዓመታት ያህል ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ምርቱም ትንሽ ነው ተብሎ ዳር ተተክሎ ቆየ። በ2004 ላ ኤስሜራልዳ የተባለ የፓናማ እርሻ ለብቻው ለቅሞ ለአገሩ ውድድር አቀረበውና አሸነፈ፤ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ወጣ፣ ያኔ ጉድ የተባለ ዋጋ ነበር። በ2019 የሌላ ፓናማዊ እርሻ ጌይሻ ፓውንዱ 1,029 ዶላር ተሸጧል።

ዛሬ ሁለቱም አጻጻፍ አለ። አንዳንዱ የቦታውን ስም ለማክበር ጌሻ ብሎ ይጽፋል፤ የቡና ዝርያ ተመራማሪዎች መዝገቡ ላይ ያለውን ጌይሻ ይዘው ቆይተዋል። አጻጻፍ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ነገር ግን አንዱ ቦታ ነው፣ ሌላው ዝርያ ነው። ጌሻ የበቀለ ቡና ሁሉ የፓናማው ዓይነት ጌይሻ አይደለም፤ ደኑ ውስጥ ያለው ዓይነት ብዙ ነው። ጌይሻ እየተባሉ የሚሸጡት ተክሎችም በዘር ምርመራ ሁሉም አንድ ሆነው አልተገኙም። «ከጌሻ የመጣ ቡና» የሚለውን ቃል ሚዛን ላይ የሚናገርና ቶኪዮ ላይ የሚሰማ ሰው ስለተለያየ ነገር እያወሩ ነው።

እዚያው ማሸጊያ ላይ «ኢትዮጵያን ኤርሉም» የሚል ታገኛላችሁ። ኤር ወራሽ ነው፤ ሉም በድሮ እንግሊዝኛ ዕቃ ወይም መሣሪያ ማለት ነበር። ተደምሮ የወራሽ ዕቃ፦ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ የአንገት ሐብል፣ የግድግዳ ሰዓት። ወደ አትክልት ሲሻገር አትክልተኞች ከእጅ ወደ እጅ ያቆዩት ነባር ዘር ሆነ። የውጭ ቆዪዎች ግን የዝርያውን ስም ባላወቁ ቁጥር ለኢትዮጵያ ቡና ሁሉ ይለጥፉታል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው 74110 ወይም 74112 ሊሆን ይችላል። እነዚህን ከአያት የወረሳቸው የለም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ከኢሉባቦር በኩል ለይተው ያወጧቸው ናቸው፤ ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። የሳይንስ ሥራ ነው። ኤርሉም መባሉ የአያትን ድካም ያከበረ ይመስላል፤ የተመራማሪውን ድካም ግን ይውጣል።

ከመመለሳችን በፊት ሸኮው አባት ቤታቸው ወሰዱን። ቡና ቢፈላም መጀመሪያ የቀረበው በቅል ጨሞ ነበር። የቡና ቅጠል ነው፤ ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮረሪማና ከሚጥሚጣ ጋር ይፈላል። በቤንች፣ በሸኮና በመዠንገር ቤቶች ጠዋት ያለ ጨሞ አይወጣም። ገዢው ጎንጨት አለና «ቲ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቲ በጥብቅ ከተያዘ የሻይ ቅጠል ተክል ብቻ ነው፤ ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ የሚመረተው። ላላ ሲል ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ሁሉ ቲ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የቡና ቅጠል መጠጥ ገበያው ውስጥ እንዲሸጥ ሲፈቅድ ቲ አላለውም፤ «ኢንፊውዥን» አለው። ኢንፊውዥን ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚወጣ ነው። ጨሞ ግን አይነከርም፣ ከነቅመሙ ይንተከተካል፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ዲኮክሽን» የሚል ቃል አለው፣ ሲጠሩት ግን የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ይታያችኋል። በዚህች ቅል ፊት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ቆጥሬ ሦስቱንም ተውኩና «ጨሞ ነው» አልኩት።

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና እንድጽፍለት ሰጠኝ። በላቲን ፊደል ጻፍኩለት። አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ኪሞ ተብሎ ይነበባል፤ ለካንሰር የሚሰጠው የኬሚካል ሕክምና አጭር ስም ነው። የእኛን ጠንካራ «ጨ» የሚይዝ ፊደል እነሱ ዘንድ የለም። ገበሬዎቹ ደግሞ የጨሞ ቅጠል አድርቀው ለመላክ አስበዋል። የተሻለ አጻጻፍ የሚታየው አንባቢ ካለ ይንገረኝ፤ መለያ ወረቀቱ ገና አልታተመም።